ኩራዝ የበላው ጋቢ

ቴትረን ለኩራዝ ክር አይሆንም። ይህን የማታውቅ ልብስ ሰፊ አለች ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር፤ ያቺ ልብስ ሰፊ እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ መብራት የጠፋ ሰሞን ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለተቃረበ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለ ወላጅ ሁሉ የዩኒፎርም ጨርቅ ይዞ ደጄ ላይ ነበር። የስፌት መኪናዬ የእግር ስለሆነች መብራት ኖረ አልኖረ ግድ የላትም፤ ግድ ያለው ዓይኔ ነው። ክረምቱም ገና አልወጣም፤ ደመናው ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ቤቱን ያጨልመዋል። የስልኬ ባትሪ አልቋል፣ ሻማም ከሱቅ ጠፍቷል። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ጠርሙስ ላምባ አገኘሁና፣ ቤቱን ስከራይ መደርደሪያ ላይ ተረስቶ ያገኘሁትን ከቲማቲም ድልህ ጣሳ የተሠራ ኩራዝ አውርጄ አጠብኩት። ክር አልነበረውም። ጨርቅ ደግሞ በእኔ ቤት አይጠፋም። ከመኪናው ሥር ካለው የቁርጥራጭ ዘንቢል አንድ አረንጓዴ የቴትረን ቁራጭ መዝዤ ጠቀለልኩ፣ በኩራዙ አንገት አስገባሁት፣ ላምባውን እስኪጠጣ ጠበቅኩና ክብሪት ጫርኩ።

ተያያዘ። ትንሽ ቆይቶ ግን መንጠባጠብ ጀመረ። ጨርቁ እየነደደ ሳይሆን እየቀለጠ ነበር፤ አንዷ ጠብታ የጠረጴዛውን ላስቲክ በስታ ገባች፣ ጭሱ ጣሪያውን አጠቆረው፣ ቤቱ የተቃጠለ ፌስታል ሸተተ።

«ምን አቃጠልሽ?» አለች እናቴ፣ በሩ አጠገብ ካለው መቀመጫዋ ሳትነሳ።

«ክር ነው።»

«ክር እንዲህ አይሸትም» አለችና ሳቀችብኝ።

እናቴን ከዲማ ያመጣኋት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። ብቻዋን መኖሯ አሳስቦኝ ነው እንጂ እሷ መምጣት አልፈለገችም ነበር። በመጨረሻ እሺ ያለችው በራሷ ምክንያት ነው። በእኛ ቤት ልጅ ሁሉ ከእናቱ እጅ አንድ ጋቢ ያገኛል። ታላቅ ወንድሜ ሲያገባ የእሱን ፈትላ አሸምናለች፤ እህቴም ስትዳር እንደዚሁ። የቀረሁት የመጨረሻዋ እኔ ነኝ፤ ባል ደግሞ አላገባሁም። «ባል መጣ አልመጣ ያንቺ ጋቢ አይቀርም» ትለኛለች። ስለዚህ ወደ ከተማ ስትመጣ ለመጦር አልመጣችም፤ ጋቢዬን ልትጨርስ ነው የመጣችው። እንዝርቷን፣ ክዳን ያለው ትልቅ ሙዳይና ከቁይ ገበያ የተገዛ ጥጥ በጆንያ ይዛ መጣች። ድሩን፣ ማለትም ሸማኔው አስቀድሞ የሚዘረጋውን ክር፣ ከሱቅ እንገዛለን፤ በላዩ የሚሸመነውን ማግ ግን እሷ በእጇ ትፈትለዋለች። የጋቢ ጌጡ ማጉ ነው፤ የፈታይዋም ስም የሚነሳው በእሱ ነው።

ዲማ ላይ ደግሞ ይህ ስም ቀላል ነገር አይደለም። ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሲገናኙ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው ሳይጨርሱ ጣታቸው የአንዷን ነጠላ ወይም ጋቢ ጫፍ ይይዛል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል እሽት እሽት ያደርጉታል። ምንም አይሉም፤ ግን አውቀዋል። ማን እንደፈተለው፣ ስትፈትል ልቧ የት እንደነበረ ሳይቀር አውቀዋል። እናቴ በዚህ ጣት ብዙ ዘመን ተፈትና አልወደቀችም።

ያን ዕለት ከሳቀችብኝ በኋላ ከሣጥኗ አንድ ያረጀ ነጠላ አወጣችና ጠርዙን ቀደደችው። ለክር የሚሆነው ብዙ የታጠበ ጥጥ ነው አለች። አዲስ አቡጀዲ ሙጫ ስላለበት ላምባ አይጠጣም፤ ያረጀው ግን ገና ሲነካው ይስባል። ቁራጩን ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ገመደችው። በጣም ከጠበቀ ላምባው መውጫ ያጣል፣ ከላላ ደግሞ ይጨሳል። በነጋታው ጠዋት ደመናው ገለጥ ሲል ደጃፉ ላይ ለፀሐይ አሰጣችው፤ እርጥበት ያለበት ክር ይንጣጣል፣ ብልጭታውም ልብስ ያቃጥላል። ሲበራም ጫፉ ጠቁሮ እንደ እንጉዳይ ሲያብጥ በመቀስ መከርከም አለበት። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ያሰብኩት ለምን ቀድማ ዝም እንዳለችኝ ነው። ጠየቅኳት።

«አንቺ ሰፊ ነኝ ትያለሽ፤ ጨርቅ ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ» አለች።

ኩራዙ በራ። ዩኒፎርሙም ተሰፋ።

ላምባው ቶሎ አለቀ። ሌላ ብፈልግ የለም። ዘይት አለ፤ ዘይትም ይነዳል ብዬ ኩራዙን ሞልቼ ለኮስኩት። ክሩ ላይ የቀረችው ላምባ እስክታልቅ በራና ድርግም አለ። ደግሜ ለኮስኩ፣ ደግሞ ጠፋ። እናቴም እዚህ ላይ አላወቀችም፤ እሷ ልጅ ሳለች ቤታቸው በኑግ ዘይት ይበራ እንደነበር ታስታውሳለች እንጂ መብራቱን የሚያዘጋጁት ሌሎች ነበሩ። ሁለታችንም ጣሳው ላይ አፍጥጠን ቆየን። በመጨረሻ የገባን ዘይት ሰነፍ መሆኑ ነው። ላምባ ረጅም ክር ተከትሎ አቀበት ይወጣል፤ ዘይት ግን ከተኛበት ብዙ ከፍ አይልም። እሳቱ ወደ እሱ መውረድ አለበት።

ስለዚህ ኩራዙን ትተን ወደ ሻይ ብርጭቆ ዞርን። ግማሹን ውሃ፣ በላዩ ዘይት። ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ቆርጬ አንዱን ጫፍ በብርጭቆው አፍ ላይ አጠፍኩት፣ ሌላውን ጫፍ ጠምዝዤ ክሩን በመሐሉ አቆምኩት፤ ጫፉ ከዘይቱ በላይ እንደ ጥፍር ቁመት ያህል ብቻ ብቅ አለ። በራ። ሳይጨስ፣ ሳይንጣጣ በራ። እናቴ «አሁን ሰፊ ሆንሽ» አለችኝና ደስ አለኝ፤ ይህ ከእሷ አፍ በቀላሉ አይወጣም።

ዘይቱን ያገኘሁት ከጎረቤቴ ነው። መናኸሪያ አካባቢ ሳምቡሳ ጠብሳ ትሸጣለች፤ የጠቆረውን የመጥበሻ ዘይት ትደፋው ነበር፣ አሁን ለእኔ ታስቀምጥልኛለች። በጨርቅ አጣርተን እናበራዋለን። ጉዱ ሽታው ነው። ቤቱ ሲመሽ ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይላል፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም የዋለ ሆዴን ይዤ እዚያ መብራት ሥር መቀመጥ ፈተና ነበር። ጥቅምት ገብቶ ብርዱ ሲጠና ደግሞ ዘይቱ ብርጭቆው ውስጥ ይረጋል፤ ከመለኮሴ በፊት በሁለት እጄ አቅፌ ማሟሟቅ ነበረብኝ። መብራቱ ተሠራ ቢባልም ሲመጣ ሲሄድ ከረመ፤ እኛም ብርጭቆዋን አላነሳናትም።

ዘይት መብራት ክር ይበላል። ክሩ አጭር ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። እናቴ ይህን ሥራ ያዘችው። ጠዋት ፀሐይ በሩ ላይ ስታርፍ ተቀምጣ ትገምዳለች፤ የገመደችውን በጣት ርዝመት ቆርጣ፣ በነዶ አስራ ጣሳ ውስጥ ታቆመዋለች። ከአሮጌው ነጠላ አልፋ በጥጥ ክር መሥራት ጀምራ ነበር። ከምን እንደሆነ ስጠይቃት «ከጥጥ ውዳቂ» አለችኝ። ጎረቤቴም «እማማ፣ ትንሽ ክር ይኖርዎታል?» እያለች መምጣት ጀመረች፤ እናቴ አንድ ነዶ ትሰጣትና «ዘይትሽ ነው፤ ውሰጂ» ትላታለች። ደስተኛ ነበረች። እኔም እንዲህ ሥራ ስላገኘች ደስ ብሎኛል።

ክሯ ግን ይዘላል። እሳቱ አንዴ ተነስቶ ይጨሳል፣ ወዲያው ደግሞ ወርዶ ፍሬ ያህል ይሆናል፣ እንደገና ይነሳል። ክሩ አንድ ቦታ ወፍራም፣ አንድ ቦታ ቀጭን ሲሆን እንዲህ ነው የሚያደርገው። መስመር እየሳተብኝ ስፈታና ስሰፋ አንድ ቀን ተማረርኩ።

«እማዬ፣ ይህ ክር ይዘላል።»

«ዘይቱ ነው» አለች።

ስለ ጋቢው ስጠይቃት «እየሄደ ነው» ትለኝ ነበር። ሙዳዩ ሁልጊዜ ተከድኖ ነው የሚቀመጠው። ያላለቀ ሥራ ሲታይባት አትወድም፤ ከድሮም እንደዚያ ናት።

አንድ የገበያ ቀን ክር ልገዛ ወርጄ ሸማኔውን አገኘሁት። ሽማግሌ ነው፤ የወንድሜንም የእህቴንም ጋቢ የሸመነ፣ ከዲማ ተነስቶ ወደ ከተማ የገባ ሰው ነው። ሰላምታ ተለዋወጥንና፦

«ልጄ፣ እናትሽ ማጉን መልሳ አላመጣችውም» አለኝ።

«የቱን ማግ?»

«ያመጣችውን ነዋ። ባለፈው አመጣችና አየሁት። ወፍራምና ቀጭን ተቀላቅሎበታል፣ ቋጠሮም አለው። እኔ ክፋት አልተናገርኩም፤ ጋቢው ይጎረብጣል እንጂ እሸምነዋለሁ ነው ያልኳት። እሷ ግን ከእጄ ነጥቃኝ ሄደች።»

ከዚያ በኋላ ያለኝን አላስታውስም። ክሩንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

እናቴ እንደልማዷ በሩ ላይ ተቀምጣ ትገምዳለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩና ከጣሳው አንድ ክር አንስቼ ግምዱን ፈታሁት። ሦስት ሆኖ ተለያየ። የጥጥ ውዳቂ እንዲህ አይፈታም። ይህ የተባዘተ፣ በእንዝርት የተሳበ፣ በልቃቂት የተጠቀለለ ክር ነው። እየተሳበ ሄዶ ሄዶ ድንገት ይቋጠራል፣ ከዚያ ሊበጠስ እስኪደርስ ይቀጥናል። ዕድሜዬን በክር የምበላ ሰው ነኝ፤ ይህንን ክር በየማታው ስለኩስ አንድ ቀን እንኳ አልፈታሁትም።

«እማዬ፣ ይሄ ማግ ነው» አልኳት።

«ነበር» አለች። እጇ አልቆመም።

«የእኔ ጋቢ ነው?»

«ሊሆን አስቦ ነበር።»

ተናደድኩ። ማዘን ነበረብኝ መሰለኝ፤ እኔን ግን ሲያመኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። ስንት ማታ ጋቢዬን ሳነድ እንደከረምኩ፣ እሷም ከጎኔ ተቀምጣ እያየች ዝም እንዳለችኝ ተናገርኩ። ቃሌ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ «እያየች» የምትለዋ ላይ ተሰናከልኩ። አታይም። ምስር ስትለቅም ጠጠር የሚያመልጣት፣ ጎረቤቴን ድምጿን ሳትሰማ የማትጠራት፣ ጉልበቴን ያመኛል እያለች ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን መሳም ያቆመችው ለዚህ ነው። እኔ ሁሉንም እርጅና ብዬ አልፌዋለሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ እንዝርቱን ትቀሚኛለሽ» አለች። «ዓይንሽን አሳርፊ ትይኛለሽ። እንዝርቴን ከቀማሽኝ እዚህ ቤት ምን ልሠራ ነው? ተቀምጬ ልበላ?»

«ብትበይስ?»

«ለመብላትማ ዲማም ቤት አለኝ።»

ፈራሁ። ይህች ሴት ያለችውን የምታደርግ ናት። መፍተል ካልቻለች ጓዟን ጠቅልላ፣ ማንም ወደሌለበት ቤቷ፣ በማያይ ዓይኗ ትመለሳለች። ጋቢው ሲያልቅ ትሄዳለች ብዬ እሰጋ ነበር፤ አሁን ደግሞ ባለማለቁ ልትሄድብኝ ነው።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ ብርጭቆዋን አልለኮስኳትም። ቤቱ እየጨለመ ሁለታችንም ተቀመጥን።

«ዘይት አልቆ ነው?» አለች።

«አላለቀም።»

«ታዲያ የሰው ልብስ አትሰፊም?»

«ጋቢዬን አላነድም።»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለጋቢ የማይሆን ነው። ታዲያ ልጣለው?» አለች። ከዚያ ስለ መፍተል ነገረችኝ፤ ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ጥጡ ከእጅ ወደ እንዝርት ሲሄድ ዓይን ቀድሞ ያየዋል አለች፤ ወፍራሙ ሲመጣ ጣትን ያስጠነቅቀዋል። «ጣቴ አሁንም አልረሳም። ቋጠሮውን ያውቀዋል። ግን ሲያውቀው አልፎ ነው።» ቋጠሮ እንደሆነ እያወቀች ፈትላዋለች፤ አንዱ ልቃቂት ሲበላሽ የሚቀጥለው ይስተካከላል እያለች ነው የቆየችው። ሸማኔው ዘንድ ይዛ የሄደችውም እሱ ምንም ካላለ ራሷን ልታሞኝ አስባ ነበር።

አለቀስኩ። ጨለማ ስለነበረ ደግ ሆነ።

በነጋታው ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድኳት። የዓይን ሞራ ነው አለ፤ በሁለቱም ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፣ ከቀኙ እንጀምራለን። እናቴ በጨዋ ደንብ አመስግናው ወጣችና መንገድ ላይ «አልቀደድም» አለችኝ። በአካባቢዋ አንዲት ሴት ተቀድዳ ጨርሳ መታወሯን አንስታ ሞገተችኝ። ያቺ ሴት ሌላ በሽታ እንደነበራት ብነግራት አልሰማችም። የቀረቻትን ጭላንጭል ለማንም አታስነካም።

ለመንኳት። ወንድሜ በስልክ ለመናት፣ እህቴ አለቀሰችላት። ፈገግ ብላ «ይታሰብበታል» ትላለች። ይህ በእሷ ቋንቋ አይሆንም ማለት ነው። ክሯን መግመድ ግን አቁማ ነበር፤ እንዝርቷም ሙዳዩ ላይ ተጋድሞ ዋለ። የዲማን መኪና መነሻ ሰዓት ጎረቤቴን ስትጠይቅ የሰማኋት ዕለት ልመናውን ተውኩት።

ሙዳዩን ከፈትኩ። ያልተቆረጠ ልቃቂት ገና አለ። ሁሉንም በነጠላ ቋጥሬ ሸማኔው ዘንድ ሄድኩ።

«እንዳለ ይሸምኑልኝ» አልኩት።

«ይጎረብጣል እኮ፣ ልጄ።»

«ይጎርብጥ።»

«ሙሉ ጋቢም አይወጣውም። ጋቢ ድርብ ነው፤ ይህ ለአንዱ ገጽ ቢበቃ ነው።»

«አንዱን ገጽ ይሥሩልኝ።»

ሠራልኝ። አምጥቼ ጭኗ ላይ አኖርኩላት። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ መዳፏ ጨርቁ ላይ ሲሄድ፣ ቋጠሮ ሲያገኝ ሲቆም፣ እንደገና ሲሄድ አየሁት።

«ሰው ሳያይ ደብቂው» አለች።

«ለጊዮርጊስ ዲማ ለብሼው እሄዳለሁ።»

«አትለብሽውም።»

«እለብሰዋለሁ። ሴቶቹ ጫፉን ይዘው ማን ፈተለው ሲሉኝ እናቴ ናት እላለሁ።»

«በነጠላ ገጽ፣ ግማሽ ጋቢ ለብሰሽ?»

«ግማሽ ጋቢ ለብሼ። ሌላውን ግማሽ የሚፈትልልኝ ከሌለ ምን ላድርግ?»

ፊቷ ተለዋወጠ። ይህን ጨካኝነት ከየት እንዳመጣሁት እያሰበች ይመስለኛል፤ ከየት እንደሆነ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

«አንቺ ክፉ ነሽ» አለች በመጨረሻ።

«ማንን መስዬ?»

ጨርቁን አጣጥፋ ሥሯ አስቀመጠችና ቁጭ አለችበት። ከዚያ፣ የሆነ የቤት ዕቃ ግዢ እንደምታዘኝ ሁሉ፣ «ለዚያ ሐኪም ንገሪው፤ ቀኙን ብቻ ነው» አለች።

ቀዶ ሕክምናው ከፈራነው ይልቅ አጭር ነበር። ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እጄ ሥራ ስለፈታ የነጠላዬን ዘርፍ በሙሉ እየፈታሁ ጨረስኩት። በማግሥቱ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። አንድ ደግ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«አርጅተሻል እኮ» አለችኝ።

ነርሷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፤ እናቴ ግን የምሯን ነበር።

ቤት ስንገባ ወደ ወንበሯ አልሄደችም፤ በቀጥታ ወደ ክር ጣሳው ሄደች። ከነዶው አንዱን መዛ በሩ ላይ ብርሃን ፊት ያዘችው። አዙራ አዙራ አየችው። ሌላ አወጣች። እሱንም አየች።

«ይህን ነው ለሰው የሰጠሁት?»

«ይበራል እኮ፣ እማዬ።»

«ለሰው ሰጥቻለሁ» አለች ለራሷ። ወዲያው ጎረቤቴን አስጠርታ የቀረ ክር ካለ እንድትመልስ ጠየቀቻት። «እማማ፣ ተቃጥሎ አለቀ እኮ፤ ምን ሆነብዎት?» አለቻት ጎረቤቴ። እናቴ ጥፋቷ ከክሩ ጋር ነድዶ በማለቁ ትንሽ ተጽናናች።

ሐኪሙ የፈቀደላት ጊዜ ሲደርስ እንዝርቷን አነሳች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ እየፈታችና እየደገመች ሠራች። ከዚያ እጇ ገባበት። እኔ መኪናዬ ላይ ሆኜ እሷን በሩ ላይ ባለው ፀሐይ አያታለሁ፤ የእንዝርቱ ድምፅና የመኪናዬ ድምፅ አብረው ሲሄዱ ቤቱ ሙሉ ይመስለኛል። ሁለተኛው ገጽ ሲያልቅ ሸማኔው ራሱ ይዞት መጣ። ስለ ማጉ አንድ ሁለት ቃል ሲያመሰግን እናቴ እንዳልሰማ ሆና ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ከሥሯ አወጣችና ወረወረችልኝ።

«ይህንን ለክር ቆራርጪው። ሌላ እፈትልልሻለሁ፤ አሁን ይታየኛል።»

«አልቆርጠውም።»

«መቀሱን አምጪ።»

መቀሴን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ሁለቱን ገጾች ደራርቤ በእጄ ሰፋኋቸው፤ በመኪና አትስፊው ብላኛለች፣ እሱን ብቻ ነው የተስማማሁላት። ሲያልቅ አንድ ጋቢ ሆነ፤ በአንድ በኩል ለስላሳ፣ በሌላው በኩል ቋጠሮው የሚቆጠር።

ለጊዮርጊስ ዲማ ሄድን። ከመኪናው ወርደን ስንራመድ አስቆመችኝና ጋቢውን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችው። ለስላሳውን ወደ ውጭ አደረገች፣ ጎርባጣውን ወደ ውስጥ። «እንዳይገለበጥብሽ» አለችኝ። እኔም አልተከራከርኩም። ጎርባጣው ወደ እኔ ሆነ ማለት ነው፤ የምወደውም እሱን ነው፣ ይሞቀኛል።

ግቢው ውስጥ ዋርካው ሥር አንዲት የእናቴ እኩያ ተቀምጣ ነበር። ድሮ በአካባቢው ከእናቴ ጋር ስሟ የሚነሳ ፈታይ ናት። ፊት ለፊቷ ቆመን እያለን «ማን ናችሁ?» አለች፤ እናቴ ስትናገር በድምፅዋ አወቀቻት። ተሳሳሙ። ከዚያ እጇ እንደልማዱ ወደ እኔ ተዘረጋና ትንሽ ፈልጎ የጋቢውን ጫፍ አገኘ። አውራ ጣቷ በለስላሳው፣ ሌባ ጣቷ በጎርባጣው በኩል ገባ። አሸችው። አንዴ ቆመች፣ ደግማ አሸችው።

«ውጩን አንቺ ነሽ የፈተልሽው» አለቻት ለእናቴ። «ውስጡንስ ማን ነው?»

እናቴ እኔን አየችኝ። የዛትኩበት ቀን ይህ ነበር፤ ሲደርስ ግን አፌ አልከፈት አለ።

«እኔው ነኝ» አለች እናቴ። «ዓይኔ ጠፍቶ ሳለ። እኩሌታውን እንኳ ለዚህች ሳልነግር በላሁባት፤ በኋላ በሐኪም ተገፈፈልኝ።»

ሴትዮዋ ጫፉን አልለቀቀችም።

«የበላሽውን ምን አደረግሽው?»

«ለኩራዝ ክር።»

ሴትዮዋ አንገቷን ወደ መሬት ዝቅ አደረገች። ጣቷ ቋጠሮው ላይ ነበር።

«እኔም» አለች።